አዋጁ በጆሮ እንዳይቀር

ነጋሪት ሲጎሰም ገበያው ጸጥ ይላል፤ ነጋዴው ሚዛኑን፣ ገበሬው ጭነቱን ትቶ ጆሮውን ያቀናል። አዋጅ በአገራችን ለብዙ ዘመናት ከሰፊው ሕዝብ ዘንድ ይደርስ የነበረው በዚህ መንገድ ነው። በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የመንግሥት የሕግ ጋዜጣ «ነጋሪት» የሚለውን ስም ከዚሁ ከበሮ መውረሱ አንድ መሠረታዊ ሐሳብ ይገልጻል። ይኸውም ሕግ ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው ለሁሉም በይፋ ሲነገር ነው የሚል ነው። ሕዝባችንም በአደባባይ የታወጀውን ነገር እንደ ምስጢር የሚያንሾካሹከውን ሰው «አዋጁን በጆሮ» እያለ የሚሳለቅበት ይህንኑ ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው።

ይሁን እንጂ ዛሬ ያለው ተጨባጭ ሁኔታ ሲመረመር፣ አዋጁ ራሱ በጆሮ ወደሚነገርበት ደረጃ ወርዶ ይገኛል። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የወጡት አዋጆች ተከታታይ ቁጥር ከ1,300 አልፏል። በመቶ የሚቆጠሩ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንቦች በዚህ ላይ ይጨመራሉ። ክልሎች በየበኩላቸው የሚያወጧቸው ሕጎች ደግሞ በዝክረ ሕግ፣ በመገለታ ኦሮሚያና በሌሎችም ጋዜጦች፣ የአዲስ አበባዎቹም በአዲስ ነጋሪ ጋዜጣ ይታተማሉ። ከእነዚህ ሁሉ ሥር የየመሥሪያ ቤቱ መመሪያ አለ። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 ማንኛውም የመንግሥት አካልም ሆነ ማንኛውም ሰው በጋዜጣው የወጣውን ሕግ እንዲቀበልና እንዲያውቀው ግዴታ ይጥላል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ መከላከያ እንደማይሆን ይደነግጋል። እንግዲህ ግዴታው የሁሉም ሆኖ ሳለ፣ ጽሑፉን በእጁ የሚያገኘው ግን ጥቂቱ ነው። የዛሬው ርእሳችን መነሻ ይህ ቅራኔ ነው።

ቅራኔውን ይፈታል ተብሎ የሚጠበቅ አንድ አዲስ መሣሪያ በዓለም ላይ ብቅ ብሏል። እርሱም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች የአንድን አገር ሕግ ፈልገው የሚያገኙበት የፍለጋ መሣሪያ ነው። ነገሩ ከሩቅ ሲሰማ የሊቃውንትና የባለጸጎች ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን በፋብሪካ በር ላይ የስንብት ወረቀት የተሰጠውን ሠራተኛ፣ በቤት ኪራይ ውዝግብ ውስጥ ያለውን ተከራይና የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበሩን ጸሐፊ ከማንም በፊት የሚመለከት ስለሆነ በሚገባ ሊመረመር ይገባዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ «ወኪል» የሚባለው ነገር ምንነት ግልጽ መሆን አለበት። ወኪል ማለት አንድ ጉዳይ ሲሰጠው የሥራውን ቅደም ተከተል ራሱ የሚነድፍ፣ ሰነድ የሚከፍት፣ ያገኘውን የሚያነብና መልስ አዘጋጅቶ የሚያቀርብ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። አንባቢዎቻችን በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የሚያውቁትን ጉዳይ አስፈጻሚ ቢያስቡ ከትርጉሙ ብዙም አይርቁም። ጉዳይ አስፈጻሚ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መዝገብ ቤት ገብቶ ፋይሉን አስወጥቶ፣ ገጹን አይቶ የሚናገር ነው። ሁለተኛው መዝገብ ቤቱን ሳይረግጥ «እኔ ይህን ጉዳይ አውቀዋለሁ» ብሎ በሙሉ አፉ የሚናገር ነው። ሁለቱም አንደበተ ርቱዕ ሊሆኑ ይችላሉ። ባለጉዳዩን ለጉዳት የሚዳርገው ግን ሁለተኛው ነው።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎች የፍለጋ መሣሪያ ካልተሰጣቸው በተፈጥሯቸው ወደ ሁለተኛው ያጋድላሉ። ሞዴሉ የሚሠራው እጅግ ብዙ ጽሑፍ አንብቦ ከአንዱ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል በመገመት ነው። የሕጉን መጽሐፍ በሆዱ ይዞት አይዞርም። ይዞት የሚዞረው የሕግ አነጋገር እንዴት እንደሚመስል ነው። በመሆኑም የአንቀጽ ቁጥር ሲጠየቅ አንቀጽ የሚመስል ቁጥር፣ የፍርድ ጥቅስ ሲጠየቅ ፍርድ የሚመስል ጥቅስ ይሰጣል። እውነት በሚናገርበትና በሚሳሳትበት ጊዜ የድምፁ ቃና አንድ መሆኑ አደጋውን ያከብደዋል።

ይህ የፍርሃት ወሬ እንዳልሆነ በሦስት አህጉራት ያሉ ፍርድ ቤቶች አረጋግጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ የሚገኝ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጨርሶ ያልተሰጡ 6 ፍርዶችን በመከራከሪያቸው ጠቅሰው በተገኙ ጠበቆች ላይ 5,000 ዶላር ቅጣት ጥሏል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በደቡብ አፍሪካ የክዋዙሉ ናታል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአንድ መዝገብ ከተጠቀሱለት 9 ፍርዶች መካከል በእውን መኖራቸውን ማረጋገጥ የቻለው ሁለቱን ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ደግሞ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በተመለከተው አንድ ጉዳይ ከቀረቡት 45 ጥቅሶች ውስጥ 18ቱ የሌሉ ፍርዶች ሆነው ተገኝተዋል። እነዚህ ሁሉ የሕግ ትምህርት ያላቸው፣ ቤተ መጻሕፍት በእጃቸው ያለ ባለሙያዎች ናቸው። እነርሱ እንዲህ ከተታለሉ፣ በስልኩ ላይ ጥያቄውን ጽፎ መልስ የሚጠብቅ የቀን ሠራተኛ ምን ሊደርስበት እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የፍለጋ መሣሪያው ጥቅም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው ወኪሉን ከመናገሩ በፊት ወደ መዝገብ ቤቱ እንዲገባ ያስገድደዋል ማለት ይቻላል። ወኪሉ ጥያቄውን ይልካል፤ መሣሪያው በመንግሥት የሕግ ክምችት ውስጥ ፈልጎ የአዋጁን ቁጥር፣ አንቀጹንና የቃሉን ሙሉ ጽሑፍ ይመልሳል፤ ወኪሉም ያንን ይዞ ያስረዳል። ወኪሎች ከእንደዚህ ያሉ ክምችቶች ጋር በአንድ ዓይነት ቋንቋ እንዲነጋገሩ የሚያስችል ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተባለ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ይፋ ከሆነ ወዲህ ሥራው በቴክኒክ ረገድ ቀላል ሆኗል። ከባዱ ሥራ ያለው ከቧንቧው ሳይሆን ከውሃው ላይ ነው። ክምችቱ ካልተሟላ፣ ካልጠራና ካልታደሰ መሣሪያው ለስሕተቱ የሕግ ካባ ከማልበስ ያለፈ ፋይዳ አይኖረውም።

የዚህን ክብደት በአንድ ምሳሌ እንመልከት። በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ ነፍሰ ጡር እናት የወሊድ ፈቃዷ ስንት ቀን እንደሆነ ትጠይቃለች እንበል። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 መሠረት ፈቃዱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60፣ በድምሩ 90 ቀን ነበር። ይህ አዋጅ በሥራ ላይ የቆየው ለ15 ዓመታት ያህል በመሆኑ ስለ እርሱ የተጻፈው ጽሑፍ ብዙ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90፣ በድምሩ 120 ቀን ይሰጣል። ብዙ የተጻፈበትን የሚያስታውስ ማሽን 90 ቀን ብሎ ቢመልስ እናቲቱ 30 ቀን ታጣለች። እነዚያ 30 ቀናት ለአራስ ልጅ የእናት ጡት ናቸው።

በትርፍ ሰዓት ክፍያም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የቀድሞው አዋጅ የመደበኛውን የሰዓት ደመወዝ በ1.25 ተባዝቶ እንዲከፈል ያዝ ነበር፤ አዲሱ በ1.5 እንዲባዛ ያዛል። የሰዓት ደመወዙ 40 ብር የሆነ ሠራተኛ በወር 20 ሰዓት ትርፍ ቢሠራ በአሮጌው ሕግ 1,000 ብር፣ በአዲሱ 1,200 ብር ያገኛል። የ200 ብሩ ልዩነት ለባለጸጋ የምሳ ዋጋ ሊሆን ይችላል፤ ለሠርቶ አደሩ ቤት ግን የዱቄትና የዘይት ጉዳይ ነው። ሌላም አለ። ከሥራው ያላግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ ክስ የሚያቀርበው በ3 ወር ውስጥ መሆን አለበት። የተሳሳተ መልስ ይዞ በ4ኛው ወር የሚመጣ ሰው እውነቱ ቢኖረውም መብቱን በይርጋ አጥቷል።

ስለዚህ ለአገራችን የሚሠራ የሕግ ፍለጋ መሣሪያ የትኞቹን ችግሮች ማለፍ እንዳለበት በዝርዝር ማየት ያሻል። ከውጭ የመጣ መሣሪያ እንዳለ ተተክሎ የእኛን ችግር ሊፈታ አይችልም፤ ችግሮቻችን የራሳችን ጽሕፈት፣ የራሳችን ዘመን አቆጣጠርና የራሳችን የሕግ አወጣጥ ያፈሯቸው ናቸውና።

አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ በአማርኛው 1156/2011፣ በእንግሊዝኛው 1156/2019 ተብሎ ይጠራል፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። 2011 የሚለውን ቁጥር እንደ አውሮፓ ዓመት የሚያነብ ማሽን በዚያ ዓመት እንዲህ ያለ አዋጅ የለም ብሎ ሊመልስ፣ ወይም አንዱን ሕግ ሁለት አድርጎ ሊቆጥር ይችላል። መሣሪያው የእያንዳንዱን ሕግ ሁለት ስም በአንድ መዝገብ ማያያዝ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ፊደሉ ነው። «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ»፣ «ሕግ» እና «ህግ»፣ «ዐዋጅ» እና «አዋጅ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለማሽን ግን ካልተነገረው በስተቀር የተለያዩ ቃላት ናቸው። በብዙ የነጋሪት ጋዜጣ እትሞች የአማርኛው ክፍል ቁጥሮች በግእዝ አኃዝ ስለሚታተሙ፣ በዘመናዊው አኃዝ የሚፈልግ ሰው ላያገኛቸው ይችላል። ጋዜጣው አማርኛና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ስለሚያትም፣ ገጹን በፎቶግራፍ የሚያነብ ማሽን ከግራው ዓምድ ወደ ቀኙ እየዘለለ ሁለቱን ቋንቋ ሊቀይጥ ይችላል። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በመሆኑ ከዚያ በፊት በየራሱ ኮድ በኮምፒዩተር የተጻፈው ጽሑፍ ሁሉ ተመልሶ መለወጥን ይጠይቃል።

ሦስተኛው በሕዝቡ ቃልና በሕጉ ቃል መካከል ያለው ርቀት ነው። ሠራተኛው «ተባረርኩ» ይላል፤ ሕጉ «የሥራ ውል መቋረጥ» ይላል። ሠራተኛው «ኦቨርታይም» ሲል ሕጉ «የትርፍ ሰዓት ሥራ» ይለዋል። ሠራተኛው የሕግ ሊቅ እንዲሆን ሳይጠበቅበት በገዛ አነጋገሩ ጠይቆ ትክክለኛው አንቀጽ ዘንድ እንዲደርስ ማድረግ የዚህ መሣሪያ ትልቁ ፈተና፣ ከተሳካም ትልቁ ድሉ ይሆናል።

አራተኛው የሕጉ ሕይወት ነው። ሕግ ይወጣል፣ ይሻሻላል፣ ይሻራል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ደመወዝ 600 ብር አድርጎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። የቀድሞውን አዋጅ የሚያሳይ መሣሪያ እውነተኛ ሰነድ አሳየ እንጂ እውነተኛውን ሕግ አላሳየም። ስለሆነም እያንዳንዱ አንቀጽ ከመቼ እስከ መቼ እንደጸና፣ በየትኛው አዋጅ እንደተለወጠ አብሮት መጻፍ አለበት። የቀድሞውም ቢሆን አይጣልም። ጉዳዩ የተፈጸመው ሕጉ ከመለወጡ በፊት ከሆነ ዳኛው የሚያየው ያንኑ ነውና።

አምስተኛው የሕጉ ወሰን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ እያንዳንዱን ተቀጣሪ አይመለከትም። የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ፤ ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠረች የቤት ሠራተኛም ከአዋጁ ተፈጻሚነት ውጭ ናት። እንዲሁም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን ብዙ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። በመሆኑም «ጠያቂው ማን ነው? የት ነው የሚኖረው?» ብሎ የማይጠይቅ ወኪል ትክክለኛ አንቀጽ ጠቅሶ የተሳሳተ ምክር ሊሰጥ ይችላል።

ስድስተኛው የቋንቋው ነገር ነው። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በአማርኛውና በእንግሊዝኛው ጽሑፍ መካከል ልዩነት ሲገኝ የበላይነት ያለው አማርኛው ነው። የዓለም ሞዴሎች ግን ያደጉት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው ሊቅ በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛ የተመለሰ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ በአንድ አንቀጽ ውስጥ የአንድ ቃል ልዩነት ምን ያህል ክርክር ሊያስነሣ እንደሚችል አይሰወረውም። ማሽኑ ስለቀለለው እንግሊዝኛውን አንብቦ ለአማርኛ ተናጋሪው ቢተረጉምለት፣ ሠራተኛው በገዛ ቋንቋው የተጻፈለትን ሕግ በባዕድ ቋንቋ በኩል ዞሮ መቀበሉ ነው። ይህ ከቶ ሊፈቀድ አይገባም።

በመጨረሻም ሕግ ማለት አዋጅ ብቻ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 454/1997 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ አድርጓል፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም መርሑን አጽንቶታል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ መመሪያዎች እንዲመዘገቡና በድረ ገጽ ለሕዝብ እንዲቀርቡ ይደነግጋል። አዋጁን ብቻ የያዘ መሣሪያ የቤቱን ግድግዳ እንጂ በሩን አያሳይም። ባለጉዳይን በየመስኮቱ የሚያመላልሰው ብዙውን ጊዜ መመሪያው ነው።

ይህ ሁሉ ከአቅማችን በላይ ነው የሚል ካለ፣ የሌሎችን ልምድ መመልከት ይጠቅመዋል። የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የአገሩን ሕጎች በአንድ ድረ ገጽ አሰባስቦ በነፃ ያቀርባል። ሰውም ማሽንም የሚያነበው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1267 የወጣና እስከ ዛሬ በከፊል የጸና ሕግ ሳይቀር እዚያ ይገኛል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2012 አባል አገሮች ለእያንዳንዱ ሕግ ማሽን የሚያውቀው ቋሚ መለያ እንዲሰጡ የሚያበረታታ ሥርዓት ተቀብሏል። ከሁሉ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ዛሬ ብዙ አገሮች ሕጋቸውን ለማሽን በሚነበብ መልክ የሚጽፉበት አኮማ ንቶሶ የተባለው መስፈርት መነሻው አፍሪካ መሆኑ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ ለአፍሪካ ምክር ቤቶች ተብሎ የተጀመረው ይህ ሥራ፣ ስሙን በምዕራብ አፍሪካ ከሚነገረው የአካን ቋንቋ ወስዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆኗል። ትርጉሙም «የተሳሰሩ ልቦች» ማለት ነው። ስለዚህ መንገዱ የባዕድ ነው የሚለው ሰበብ ቦታ የለውም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ሲንጸባረቁ ይታያል። የመጀመሪያው «ማሽኑ ከመጣ ጠበቃም፣ ዳኛም፣ የማኅበር ተወካይም አያስፈልግም» የሚለው ነው። ይህ አመለካከት ሕግን ከወረቀት ላይ ቃል ጋር ያምታታል። ሕግ ከሕይወት ጋር የሚገናኘው በማስረጃ፣ በምስክር፣ በድርድርና በፍርድ ነው። መሣሪያው አንቀጹን ሊያገኝ ይችላል፤ በአሠሪው ፊት ቆሞ ስለ ባልደረባው የሚከራከረው ግን ሰው ነው። ለተሳሳተ ምክር በኃላፊነት የሚጠየቀውም ሰው ነው።

ሁለተኛው አመለካከት ከዚህ በተቃራኒ «ይህ የሚያሳስት ነገር ስለሆነ ከሥሩ እንራቀው» ይላል። ጥንቃቄው መልካም ነው፤ መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው። ሠራተኛው መሣሪያ ቢኖርም ባይኖርም ስልኩን ይጠይቃል፤ ዛሬም እየጠየቀ ነው። ምርጫው በመጠየቅና ባለመጠየቅ መካከል አይደለም፤ ከጋዜጣው ላይ አንብቦ የሚመልስ ወኪልና ከሐሳቡ አመንጭቶ የሚመልስ ወኪል መካከል ነው። መሣሪያውን የሚያወግዝ፣ ሳይታወቀው ሁለተኛውን ይመርጣል። ባለገንዘቡ ድርጅት ጠበቃ ቀጥሮ፣ ሕጉን አስጠንቶ ሲመጣ ሠራተኛው በሩቅ የሰማውን ብቻ ይዞ እንዲቀርብ መፍረድም ይሆናል።

እንግዲህ የመሣሪያው ባለቤትነት ጥያቄ ትልቅ ክብደት አለው። ሕጉ የሕዝብ ሀብት ነው፤ በሕዝብ ስም የወጣ፣ በሕዝብ ገንዘብ የታተመ ነው። የሕዝቡን ሕግ መልሶ ለሕዝቡ በዋጋ የሚሸጥ ደላላ በመካከል ሊቆም አይገባም። የግል ድርጅቶች የተሻለ መሣሪያ ለመሥራት ቢወዳደሩ የሚጠላ አይደለም፤ ሥር የሆነው ክምችት ግን ጋዜጣውን ከሚያወጣው አካል ተረጋግጦ፣ ለሁሉም በነፃና በእኩልነት ክፍት መሆን ይገባዋል። በሌላ በኩል ጠያቂው ራሱ መጠበቅ አለበት። «አሠሪዬ እንዲህ አደረገኝ» ብሎ የሚጽፍ ሠራተኛ ስሙን፣ ደመወዙንና ሕመሙን ሳይቀር ለማሽን ይነግራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው እንዲህ ያለው መረጃ ያለ አግባብ እንዳይውል ነው። መሣሪያው ሕጉን ለመስጠት ሕጉን መጣስ የለበትም።

የየድርሻችንም ነገር መነሣት አለበት። ሕግ የሚያወጡና የሚያትሙ አካላት አዋጁ በጋዜጣ በሚወጣበት ቀን ማሽን በሚያነበው ጽሑፍ አብረው እንዲያወጡት፣ ሕግ ሲሻሻልም የተሻሻለውን ሙሉ ጽሑፍ አጣምረው እንዲያቀርቡ ያስፈልጋል። የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች መመሪያቸውን በመሳቢያ መያዝ ሥልጣን መስሎ የሚታያቸው ካሉ፣ ሕዝብ የማያውቀው መመሪያ ለአድሎና ለጉቦ በር ከፋች መሆኑን ሊገነዘቡ ይገባል። የኮምፒዩተር ባለሙያዎቻችንና የሕግ ሊቃውንታችንም በየፊናቸው ከመድከም ይልቅ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ አለባቸው። አንደኛው ያለ ሌላኛው የሚሠራው መሣሪያ አንካሳ ይሆናልና።

የሠራተኛ ማኅበራትና የሠፈር ነዋሪዎች ማኅበራት ድርሻ ደግሞ ሕዝቡን ማንቃት ነው። በየስብሰባው መጨረሻ ግማሽ ሰዓት መድቦ አንድ የሕግ ጥያቄን በጋራ መመርመር፣ ከማሽኑ የተገኘውን መልስ ከጋዜጣው ጋር ማመሳከር፣ ያወቀው ላላወቀው ማስተማር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። አባላት ማሽን ለሰጣቸው ማንኛውም የሕግ መልስ አራት ጥያቄዎችን የማቅረብ ልማድ ሊያዳብሩ ይገባል። የአዋጁ ቁጥርና አንቀጹ ስንት ነው? ዛሬ የጸና ነው ወይስ የተሻረ? እኔን፣ በምኖርበት ቦታና በምሠራው ሥራ፣ ይመለከተኛል? የአማርኛው ቃል እንዴት ይላል? ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ የማይሰጥ ማሽን ምክሩ የመንገድ ወሬ ነው። መልስ ቢሰጥም ቀነ ገደብ ላለበት ጉዳይ ሳይዘገይ ወደ ማኅበሩ፣ ወደ ሕግ ባለሙያ ወይም ወደ ፍርድ ቤቱ መሄድ ግድ ነው።

አያቶቻችን በመንገድ ላይ የሚጣሉ ሁለት ሰዎችን «በሕግ አምላክ!» ብለው ያቆሟቸው ነበር። ይህ ቃል ሰውን የሚያስቆመው ተናጋሪውም ሰሚውም ሕግ ከሁለቱም በላይ መኖሩን ስለሚያምኑ ነበር። ዛሬ ግን ሕግ መኖሩን ማመን ብቻ አይበቃም፤ የትኛው እንደሆነ ማወቅ፣ ጽሑፉንም በእጅ መያዝ ያስፈልጋል። ያ መሣሪያ በጥንቃቄ ከተሠራ የዘመናችን ነጋሪት ሊሆን ይችላል። ከግዴለሽነት የተሠራ እንደሆነ ግን ያልታወጀን አዋጅ የሚያሰማ ባዶ ከበሮ ይሆናል። ከበሮውን የሚመታው ማን እንደሆነ፣ የሚያሰማውም ቃል ከጋዜጣው የተወሰደ መሆኑን መጠየቅና መቆጣጠር፣ ሕጉ ለወጣለት ሕዝብ የሚገባ መብትና ግዴታ ነው።